ተማሪዎቼ ወዴት ጠፉብኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና የጎልማሶች አስተማሪ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአስተማሪዎች ናቸው። የሚያስተምሩት ልጆችን አይደለም፤ ቀን ሥራ ውለው ማታ ደብተር የሚይዙ ትልልቅ ሰዎችን ነው። እኔም ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጥያቄዎቹ አዲስ አልሆኑብኝም። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፤ የሌሎቹም ሥር እዚያው ነውና።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማታ ማታ ለጎልማሶች መሠረታዊ ሒሳብና ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ኮርሱ ሲጀመር ክፍሉ ጢም ይላል፤ ወንበር ከሌላ ክፍል እናመጣለን። አምስተኛው ሳምንት ላይ ግማሹ የለም። የሚጠፉት ደግሞ ሰነፎቹ አይደሉም፤ ጎበዝ ጎበዞቹ ናቸው። ትምህርቱን ደስ የሚል ለማድረግ ያልሞከርኩት የለም። ቪዲዮ አሳያለሁ፣ ጨዋታ አመጣለሁ፣ ሽልማትም ሰጥቻለሁ። አለቆቼ "ተማሪ ለምን ይቀንሳል?" እያሉ ያፋጥጡኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጥፋቱን ሁሉ ራስህ ላይ መከመሩን ተው። ሰዎቹ ትምህርቱ ሰልችቷቸው የሄዱ አይመስለኝም። እንደዚያ ቢሆንማ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠፉ ነበር። እስከ አምስተኛው ሳምንት የመጣ ሰው ፍላጎት አለው። ያጣው ሌላ ነገር ነው።

ፓትሪሺያ ክሮስ የተባለች አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ጎልማሶችን ከትምህርት የሚያስቀሩ እንቅፋቶችን በሦስት ከፍላቸው ነበር። አንዱ የኑሮ ነው። የሥራ ሺፍት ይቀየራል፣ ልጅ ይታመማል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያልቃል። ሁለተኛው የተቋሙ ነው። ሰዓቱ አይመችም፣ ምዝገባው ያመላልሳል፣ ቢሮው ሠራተኛ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ይዘጋል። ሦስተኛው ሰውየው ውስጥ ያለ ነው። "እኔ ድሮም ሒሳብ አይገባኝም"፣ "በዚህ ዕድሜዬ ምን ሊያደርግልኝ" የሚለው። እስቲ የአንተን ቪዲዮና ጨዋታ ከእነዚህ ጋር አስተያየው። የትኛውን ይነካል? ልጇ የታመመባትን እናት ቪዲዮ አያመጣትም።

ሽልማቱንም በጥንቃቄ ያዘው። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደስ የሚል እንቆቅልሽ እንዲፈቱ አደረገ። ለአንደኛው ቡድን ገንዘብ ከፈለ፣ ለሌላው አልከፈለም። በኋላ ክፍያው ሲቆም፣ ተከፍሏቸው የነበሩት በትርፍ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። ከሥራ ደክሞት የሚመጣ ትልቅ ሰው እስክርቢቶ ልሸለም ብሎ አይመጣም። "ትናንት ያቃተህን ዛሬ ሠራኸው፣ ይኸው" ብለህ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ብታሳየው ይበልጥበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጆን ካሚንግስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 መሠረታዊ ትምህርት የሚማሩ ጎልማሶችን ያጠኑበት ሥራ አለ። ጸንቶ መማርን ያዩበት መንገድ እኔን በጣም ነው የጠቀመኝ። ሰውየው እስከቻለ ድረስ ይመጣል። ሳይችል ሲቀር ባለበት ሆኖ በራሱ ያነባል። ሲመቸው ደግሞ ይመለሳል። ሦስቱም መማር ነው። እኛ ግን ኮርሱን የምናዘጋጀው ሁሉም ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን ሳይቀር እንደሚመጣ አድርገን ነው። ሦስተኛውን ቀን የቀረ ሰው አራተኛው ቀን አይገባውም።

ጎበዞቹ ለምን እንደሚጠፉ እዚህ ጋ ይገባሃል። ጎበዝ ሰው ሥራው ላይም ጎበዝ ነው፤ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ሁለት ቀን ይቀራል። ሲመለስ ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር አይገባውም። ጎበዝ መባል የለመደ ሰው ደግሞ "ይሄ አልገባኝም" ማለት ያንቀዋል። አንድ ምሽት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ከዚያ በዚያው ይቀራል። ያስቀረው የመጀመሪያው መቅረት አይደለም፣ ሲመለስ የጠበቀው ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለውጥ። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ምሽት ሙሉ ማድረግ ነው። አንድ ቀን ብቻ የመጣ ሰው እንኳ ያለቀ ነገር ይዞ ይሂድ። ፐርሰንት የምታስተምር ከሆነ በዚያው ምሽት ከደመወዙ ላይ የተቆረጠው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ራሱ አስልቶ ይውጣ። "ዛሬ መሠረቱን እንያዝ፣ ጥቅሙ በኋላ ይመጣል" የሚለው ለትልቅ ሰው አይሠራም። ማልኮም ኖውልስ የተባለው የጎልማሶች ትምህርት አዋቂ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው። ትልቅ ሰው ለምን እንደሚማር አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፤ የተማረውንም ዛሬ ባለበት ችግር ላይ ሊያውለው ይፈልጋል።

ሁለተኛው የመመለሻ መንገድ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ በየምሽቱ አንድ ገጽ ይዘጋጃል። ላይኛው ክፍሉ ላይ ዛሬ ምን እንደተማርን በሁለት መስመር ይጻፋል። ከሥሩ ሙሉ ለሙሉ የተሠራ አንድ ምሳሌ፤ ከዚያ ሦስት መለማመጃ። ገጹን የማዘጋጀው እኔ አይደለሁም። ተማሪዎቹ ተራ ይዘው ይጽፉታል፣ እኔ አየት አደርገዋለሁ። ለሚጽፈውም ትምህርቱን ይበልጥ ያስይዘዋል። ገጾቹ በሩ አጠገብ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ተነስተውም በቴሌግራም ግሩፕ ይላካሉ።

ጥበቃ ሠራተኛ የነበረ ተማሪዬን ልንገርህ። ሺፍቱ ወደ ማታ ዞረበትና ጠፋ። ወር ገደማ ቆይቶ አንድ ምሽት በሩ ላይ ቆመ። ደብተሩ ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ነው። ገባም አልገባም፤ አንድ እግሩ ውጭ ነበር። አቴንዳንሱ ላይ ስሙን አልሰረዝኩትም ነበርና እንደ ማንኛውም ቀን ጠራሁት። "አቤት" አለ ከበሩ ላይ። "ገጾችህ ፎልደሩ ውስጥ ናቸው፣ ከክፍልፋይ የሚጀምረውን ያዝ" አልኩት። የት ነበርክ አላልኩም። ተቀምጦ ምሳሌውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ እጁን አውጥቶ "እዚህ ጋ ታችኛው ቁጥር ለምን ተቀየረ?" ብሎ ጠየቀኝ። ያ ጥያቄ ለእኔ ተመልሶ መግባቱ ነበር። ኮርሱን ከክፍሉ ጋር ባይሆንም ጨርሷል።

ሰው ሲቀርም የሚላክለት መልእክት ቃሉ ይመረጥ። "ለምን ቀረህ?" ብለህ አትጻፍ። ትልቅ ሰው ምክንያቱን ለአስተማሪ ማስረዳት ያሳፍረዋል፤ አንዳንዱ ምክንያት ደግሞ ለማንም አይነገርም። እንዲህ በል፦ "ትናንት ክፍልፋይ ጀመርን። ገጹን አስቀምጬልሃለሁ። ማክሰኞ 15 ደቂቃ ቀደም ብትል አብረን እናየዋለን።" ወቀሳ የለበትም፣ ቀን አለው፣ የሚሠራውም ነገር ተነግሮታል። ይህን በቀረበት ማግስት ላከው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከላክኸው ሰውየው ራሱን ከክፍሉ ቆጥሮ አውጥቷል።

ዓላማቸውንም ከመጀመሪያው ቀን ጠይቅ። "ለምን መጣህ?" ስትል ሁሉም "ለመማር" ይልሃል። እሱን አትቀበል። "ይህን ብታውቅ በሚቀጥለው ወር ምን ታደርግበታለህ?" በል። ያኔ እውነተኛው ይወጣል። አንዱ "አለቃዬ ሒሳቡን በኤክሴል ሥራ ብሎኛል" ይላል። አንዷ "ልጄ የቤት ሥራ ስትጠይቀኝ ቀና ብዬ ላያት ነው" ትላለች። ሌላው ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ደስ ይለዋል። ሌላዋ ደግሞ "ቤት ብቻዬን መቀመጥ ሰለቸኝ" ትልሃለች። ሲሪል ሁል የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ለትምህርት ፍቅር ያላቸውን 22 ጎልማሶች አነጋግሮ እነዚህኑ ዓይነቶች ነበር ያገኘው፤ ግብ ያለው፣ አብሮ መሆኑን የሚፈልግና ለማወቅ ብሎ የሚማር። ለሰው ብላ የመጣችውን እህት ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀጥ ብላ ስክሪን ላይ እንድታፈጥ ካደረግካት ትሄዳለች። ከሌላ ሰው ጋር አጣምረህ አሠራት። የኤክሴሉን ሰውዬ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ታሪክ አትንገረው፤ ሠንጠረዡን ክፈትለት።

ስለ አለቆችህ አንድ ነገር ልበል። የሄደውን ሁሉ "አቋረጠ" ብለህ አትመዝግብ። አምድ ጨምር፤ የሄደበት ምክንያት፣ የተመለሰበት ቀን። ሁለት ኮርስ ከመዘገብክ በኋላ ምናልባት ግማሾቹ በሰዓቱ ምክንያት እንደቀሩ ይታይሃል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዘህ ግባ። ሰዓቱን መቀየር የእነሱ ሥልጣን ነው፣ የአንተ አይደለም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የእኔ ክፍል የተለያየ ሰው ነው የሚገናኝበት። ነርስ አለች፣ ልብስ ሰፊ አለች፣ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ ወጣት አለ። ሁለቱ የማስተምርበት ቋንቋ አፍ መፍቻቸው አይደለም። አንዲት እናት ደግሞ እርሳስ የያዙት ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ለፈጣኖቹ ሳስተምር ቀርፋፎቹ ይጠፉብኛል፣ ለቀርፋፎቹ ስል ፈጣኖቹ ስልክ ያወጣሉ። ስልጠና ላይ "በማየት፣ በመስማትና በመንካት የሚማሩ ብለሽ ክፈያቸው" ተባልኩ። ልክፈላቸው?

መልስ፦ አትክፈያቸው እህቴ። ይህ ነገር በየስልጠናው ይነገራል፣ ማስረጃው ግን የለም። ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቶቹን ሰብስበው ፈትሸው ነበር። ሰውን "የማየት ተማሪ" ወይም "የመስማት ተማሪ" ብሎ በዚያው መንገድ ማስተማር ውጤቱን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ለሁሉም አሳዪ፣ ለሁሉም ተናገሪ፣ ሁሉም በእጁ ይሥራ።

ተማሪዎችሽን በእርግጥ የሚለያያቸው ሌላ ነው። አስቀድመው የሚያውቁት ነገር፣ ቋንቋቸውና የሚፈልጉት ጊዜ። ከሁሉም የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው፤ ሰዎች የሚያውቁትን ነገር እንደሚያውቁት አይታወቃቸውም።

ልብስ ሰፊ የሆነች ተማሪ ነበረችኝ። ክፍልፋይ ሲባል ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ቀን "ጉርድ ስትቆርጪ ወገቡን ምን ታደርጊዋለሽ?" አልኳት። ሜትሯን አንገቷ ላይ ያለ ይመስል እጇን ወደዚያ ሰደደች። "92 ሴንቲ ከሆነ ለአራት እከፍለዋለሁ። 23 ይመጣል። ለስፌት 2 እጨምራለሁ" አለች። ሰሌዳው ላይ የ92 አንድ አራተኛ ብዬ ጻፍኩት። "ይሄ ነው እንዴ?" አለች። አዎ፣ እሱ ነው።

ከዚያች አንዲት ጥያቄ ለክፍሉ ሁሉ የሚሆን ሥራ ይወጣል። እናትየው 92ን ለአራት ያካፍሉ፣ ሜትሩን በእጃቸው አጥፈው ያረጋግጡ። ነርሷ የራሷን ታምጣ፤ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ከታዘዘ በየሰዓቱ ስንት ይገባል? 125። ያው ማካፈል ነው። ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የተወው ወጣት ደግሞ ለማንኛውም ወገብ የሚሠራ ቀመር ይጻፍ፤ ወገብ ሲካፈል ለአራት ሲደመር ሁለት። እሱ አልጀብራ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሁሉም አንድ ርዕስ ላይ ናቸው፣ ማንም ማንን አይጠብቅም። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሥራውን ለክፍሉ ያሳያል፤ ወጣቱ ቀመሩን ለልብስ ሰፊዋ ሲያስረዳት ጥያቄ የምታመጣበት እሷ ናት። "ጨርቁ የሚለጠጥ ከሆነስ?" ትለዋለች። አስቦበት አያውቅም።

ቋንቋው ለከበዳቸው ሁለት ሰዎች ትልቁ መድኃኒት ዝምታ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የአስተማሪዎችን ንግግር በቴፕ እየቀዳች አጥንታ ነበር። አስተማሪ ከጠየቀ በኋላ መልስ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቅ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ትልቅ ሰው ላይ ደግሞ ጥያቄውን ሰምቶ ወደ ራሱ ቋንቋ አዙሮ፣ መልሱን አግኝቶ፣ እንደገና ወደ አንቺ ቋንቋ ማምጣት አለ። ጠይቂና በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፣ በኋላ ይለመዳል። መልሱን በቃል ከመጠየቅሽ በፊት ሁሉም ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ብታደርጊ ደግሞ ፈጣኖቹ መልሱን ነጥቀው አይናገሩም።

ጥንድ ስታደርጊ አንድ ሕግ ይኑርሽ። የሚያስረዳው ሰው የሌላውን እርሳስም ሆነ ማውስ አይነካም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በቃል ብቻ ያስረዳ። ያለዚያ ፈጣኑ "አምጪው እኔ ልሥራልሽ" ይልና ሠርቶ ይሰጣታል፣ እሷም ማየት ብቻ ይቀራታል። ጥንዶቹንም በየሳምንቱ ቀያይሪ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ረጂ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተረጂ ሲሆን ሁለቱም ይሰለቻሉ።

ጥያቄ፦ እኔ አስተማሪ ሳልሆን ተማሪ ነኝ። 58 ዓመቴ ነው። አብረውኝ የሚማሩት ልጆቼ ይሆናሉ። እነሱ አንዴ ሰምተው ይይዛሉ፣ እኔ ሦስት አራት ጊዜ አንብቤ ጠዋት ይጠፋኛል። ፈተና ላይ ደግሞ ግማሹን ሳልሠራ "ሰዓት አልቋል" ይሉኛል። አእምሮዬ አልፎበት ከሆነ ይነገረኝና ልተወው።

መልስ፦ ጋሼ፣ አይተዉት። ትልቅ ሰው መማር አይችልም የሚለው ከተነቀፈ ቆይቷል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1928 ጎልማሶች መማር እንደሚችሉ በሙከራ አሳይቷል። ከእሱ በኋላ የመጣው ኧርቪንግ ሎርጅ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ። በዕድሜ የሚቀንሰው በዋናነት ፍጥነት ነው፣ ችሎታው አይደለም። ሰዓት እየተያዘ የሚሰጥ ፈተና ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ስለዚህ የእርስዎን ፈተና በዚህ ዓይን ይዩት። የሠሩት ግማሹ ትክክል ከሆነ ያነሰዎት ደቂቃ ነው። አስተማሪዎን ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቁ። ልመና አይደለም። ይህን የምታነቡ አስተማሪዎችም፣ ፍጥነቱ ራሱ የሥራው አካል ካልሆነ በስተቀር ሰዓቱን ከፈተናው ላይ አንሱት።

ጠዋት የሚጠፋብዎ ነገር ከዕድሜዎ ይልቅ ከአጠናንዎ የመጣ ይመስለኛል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ነው የፈተኑት። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ ከደነ፣ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የከደኑት በለጡ። ወጣቶቹም ላይ እንዲህ ነው። እርስዎም አንድ ጊዜ አንብበው ደብተሩን ይክደኑት። ባዶ ወረቀት ላይ የቀረዎትን ይጻፉ። ከዚያ ገልጠው የጎደለውን ብቻ ያስተካክሉ። በማግስቱ ሳይገልጡ ይድገሙት። ይከብዳል፤ የሚያስይዘውም ያ ክብደቱ ነው።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሰልጣኝ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ይህን ሥራ 25 ዓመት የሠሩ ሰው አሉ። የመጡት ወረቀት ስለተጠየቁ ብቻ ነው። በየመሃሉ "እሱ እንደዚያ አይሠራም" እያሉ ያቋርጡኛል። ሌሎቹም አሁን ወደ እሳቸው ነው የሚያዩት። ልቆጣቸው አልችልም፣ አባቴ ይሆናሉ። ዝም ስል ደግሞ ክፍሉ ከእጄ ወጣ።

መልስ፦ ልጄ፣ እኚህ ሰው ክፍልሽ ውስጥ ካለሽ ሀብት ሁሉ ትልቁ ናቸው። ያናደዳቸውም ይገባኛል። 25 ዓመት የሠሩት ሥራ ገና ዛሬ እንደሚጀምሩት ሲቆጠር ያማል። ከላይ ያነሳሁት ዴሲና ባልደረባው ሪቻርድ ራያን ሰውን ከውስጥ የሚያነሳሱት ሦስት ነገሮች ናቸው ይላሉ። በራሱ መወሰኑ፣ እንደሚችል መሰማቱና ከሌሎች ጋር መተሳሰሩ። እሳቸው ወደ ክፍልሽ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በር ላይ ተነጠቁ። መጡ የተባሉት ተገደው ነው፣ ችሎታቸውን የጠየቃቸውም የለም። እያቋረጡ የሚነግሩሽ ያንን ነው።

ከክፍል በፊት ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። "በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስለ ማከፋፈያ ሳጥን ነው። ሥራ ላይ የገጠመዎትን አንድ ብልሽትና እንዴት እንዳገኙት በ10 ደቂቃ ቢያስረዱልን" በያቸው። ቦታና ሰዓት ሲሰጣቸው ማቋረጡ ይቀንሳል። የቀረውን ሰዓት ግን ለእሳቸውም ለክፍሉም የምትመሪው አንቺ ነሽ፣ እሱን በትሕትና ግን በግልጽ ተናገሪ።

ልምድ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት ደግሞ አይደለም። በዚህ ሙያ ደግሞ ስህተት ሰው ይገድላል። ለምሳሌ ማብሪያ ማጥፊያውን ኤሌክትሪኩ በሚመጣበት ሽቦ (ፌዙ) ላይ ሳይሆን በሚመለስበት (ኒውትራሉ) ላይ ማስገባት የለመደ ባለሙያ አለ። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ለዓመታት ምንም አልሆነም። "ተሳስተዋል" ካልሽ ክርክር ትገቢያለሽ። መለማመጃ ቦርዱ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ዘርጊ። ማብሪያውን አጥፊ። ከዚያ አንቺው በጥንቃቄ ኤሌክትሪክ መኖሩን በመብራት የሚያሳየውን ቴስተር አምፖል መያዣው ላይ አስነኪ። በኒውትራል በተዘረጋው ላይ አምፖሉ ጠፍቶም ቴስተሩ ይበራል። አምፖል ሊቀይር እጁን የሰደደ ሰው ምን እንደሚሆን እሳቸው ካንቺ በላይ ያውቃሉ። ማንም አላረማቸውም፣ አይተዋል። እንዲያውም ለወጣቶቹ እሳቸው ያስረዱ።

ፓውሎ ፍሬሬ የተባለው ብራዚላዊ የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል አንጂኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብና መጻፍ ያስጀመረው ከሥራቸውና ከኑሯቸው በተወሰዱ ቃላት ተነስቶ ነበር። ግንበኛ "ጡብ" የሚለውን ቃል ሲያነብ ጡብን ከአስተማሪው በላይ ያውቀዋል። ፊደሉን ደግሞ አስተማሪው ያውቃል። አንቺም ሕጉን፣ ስታንዳርዱንና ስሌቱን ታውቂያለሽ፤ እሳቸው ግድግዳውን ያውቁታል።

አጠራራቸውንም አትርሺ። ወጣቶቹን በስም ስትጠሪ እሳቸውን "ጋሼ" በያቸው። ፈተና ላይ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ሁኚ።

ጥያቄ፦ የጠፋ ተማሪዬ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። መልእክትም ላክሁ። እስከ መቼ ነው የምከታተለው? አንዳንዴ እያስቸገርኳቸው ይመስለኛል።

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ይደውሉ፣ በተለያየ ሰዓት። ከዚያ አንድ የመጨረሻ መልእክት ይጻፉ። በውስጡ ሦስት ነገር ይኑር፤ እስካሁን የጨረሰው ትምህርት እንደተመዘገበለት፣ ቀጣዩ ኮርስ የሚጀመርበት ቀን፣ መመለስ ቢፈልግ ለማን እንደሚደውል። ከዚያ ይተዉት። ትልቅ ሰው የመሄድ መብት አለው።

ከሄዱት መካከል ደግሞ የመጡበትን አግኝተው የሄዱ አሉ። ደብዳቤ በኮምፒውተር መጻፍ ብቻ ፈልጋ የመጣች ሴት፣ በአራተኛው ሳምንት ማመልከቻዋን ራሷ ጽፋ ሥራ ገባች። መዝገቡ ላይ "አቋረጠች" ተብሎ ተጽፎ ነበር። አስተካክያለሁ። እርስዎም የድሮ ዝርዝርዎን አውጥተው ይዩት፤ ለተወሰኑት ደውለው ዓላማቸው ደርሶ እንደሆነ ይጠይቁ። ያገኙት መልስ ቀጣዩን ኮርስ ስንት ሳምንት እንደሚያደርጉትም ይነግርዎታል።